የጌጥ በረዶ

በዚህ በቆላው ምድር፣ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወርደው አስፋልት ዳር፣ ሙቀቱ አርባ ዲግሪ በነካበት ቀን በረዶ ማዝነብ የቻለ አንድ መሥሪያ ቤት ቢኖር የእኛው መሥሪያ ቤት ነው። ይህን ታላቅ ገድል ለመጪው ትውልድ የማስተላለፍ አደራ የወደቀው በእኔ በስሜነህ ላይ ነው፤ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝና። ከዚህ በታች የሚነበበው አብዛኛው በስብሰባ የተነገረ፣ በእጄ የተጻፈና በማኅተም የተረጋገጠ ነው። ያልተረጋገጠውን ደግሞ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

በመጀመሪያ ከገድሉ በፊት የነበረውን የጨለማ ዘመን ልግለጽ። ስርጉት የምትባል የሰብል ባለሙያችን ከሦስት ዓመት በፊት ማንም ሳያዛት፣ ኮሚቴ ሳይቋቋም፣ በመሥሪያ ቤቱ ስም አንድ ብሎግ ከፈተች። በየማለዳው ሦስት አራት መስመር ትጽፍበታለች። «ነገ ዝናብ የለም። የታችኛው ፍሬ ቢጫ የሆነለት ሰሊጡን ይጨድ፤ ያልሆነለት ይታገሥ።» በቃ፣ ይኸው ነው። ሰላምታ የለው፣ ራዕይ የለው፣ ተልዕኮ የለው፣ የኃላፊ ፎቶ የለው! ከሸሕዲ እስከ አብርሃ ጅራ ያለ ገበሬ ማሳው ውስጥ እንደቆመ ስልኩን ይከፍታል፣ ያነባል፣ ይዘጋል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። አንድ የመንግሥት ገጽ በግማሽ ደቂቃ ተነቦ ሲዘጋ ከማየት የበለጠ ውርደት አላውቅም። ኔትወርኩ ሊጠፋ አንድ ሐሙስ በቀረው ቦታ እንኳ ገጹ እልም ሳይል ይከፈት ነበር። ቀላልነቱ እስከዚህ ድረስ ነው።

ብርሃን የወጣልን ኃላፊያችን አቶ ይድነቃቸው ጎንደር ላይ የአምስት ቀን ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ ነው። ይዘው የመጡት አንድ የምስክር ወረቀት፣ አንድ የጨርቅ ቦርሳና «ብሎግን ለማሻሻል የሚጠቅሙ ነፃ ፕለጊኖች» የሚል አርባ ተራ ቁጥር ያለው ዝርዝር ነበር። በማግሥቱ አጠቃላይ ስብሰባ ጠሩ።

«የተከበራችሁ ባልደረቦቼ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ዓለም የት እንደደረሰች አይቼ መጥቻለሁ። እኛ ግን ዛሬም በባዶ ብሎግ ላይ ነን። ባዶ! አንድም ፕለጊን የለውም!»

አዳራሹ በሐፍረት አቀረቀረ። ሾፌራችን ጌች ብቻ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ፕለጊን ማለት ካንዴላ ነው?»

«እንዴት ካንዴላ?»

«የሞተር ሳይክሉ ነዋ። እሱም ይሰካል።»

«ፕለጊን የሚሰካው ብሎግ ላይ ነው። ብሎጉ ያልነበረውን ጉልበት ይሰጠዋል።»

«ብሎጉ እኮ በአንድ ምት እየተነሣ ነው ጋሼ። የሚነሣ ሞተር ምን አስፈታን?»

ይህ አስተያየት ከአጀንዳ ውጪ ስለነበረ በቃለ ጉባኤው አልያዝሁትም። ከዚያ ስርጉት ተነሣች።

«ጋሽ ይድነቃቸው፣ ገበሬው የሚፈልገው ሦስት መስመር ነው። የምንጭንበት ነገር ሁሉ ገጹን ያከብደዋል። ከአስፋልቱ ራቅ ሲባል ደግሞ ኔትወርኩ...»

«ነፃ ነው እኮ!»

«ነፃ ቢሆንም...»

«ነፃ ነው እያልሁሽ! በነፃ የተሰጠንን አለመጠቀም የሀብት ብክነት ነው። ስሜነህ፣ ይህችን ጻፍልኝ።»

ጻፍሁላቸው።

አርባውም እንዳሉ ሊጸድቁ ነበር፤ ውይይቱ አሥረኛው ላይ ሲደርስ የምሳ ሰዓት ስለሆነ አሥሩ ጸደቁ። ስርጉትም በትእዛዝ እንድትጭናቸው ተደረገ። ጠቀሜታቸው ተዘርዝሮ አያልቅም። አንደኛው ገጹን የከፈተ ሰው ሁሉ ከምንም ነገር በፊት የአቶ ይድነቃቸውን ፎቶና የእንኳን ደህና መጡ ንግግር እንዲያገኝ ያደርጋል፤ መዝጊያው ጥግ ላይ ያለች፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ምልክት ናት፤ ማረስ የለመደ ጣት አያገኛትም። ሌላው ስንት ሰው እንደገባ ይቆጥራል። ሌላው የገባው ሰው ሰው መሆኑን ያጣራል። ካሽ የሚባለውን፣ በገጹ ላይ የሚጠራቀመውን ትርፍ መረጃ፣ የሚያጸዳው ፕለጊን ላይ ግን የፋይናንስ ክፍላችን «ካሽ ኦዲተር በሌለበት አይጸዳም» የሚል ጠንካራ ደብዳቤ ስለጻፈ፣ እንዲጫን ግን እንዳይሠራ ተወሰነ።

የሁሉም ዘውድ አሥረኛው ነው። ከገጹ ራስ እስከ ግርጌ ነጫጭ በረዶ ቀስ እያለ የሚያወርድ ፕለጊን! የአቶ ይድነቃቸው ቢሮ ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ስድስተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈትተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ቀዝቀዝ አላለህም ስሜነህ?»

«ኧረ ብርድ ብርድ አለኝ ጋሼ» አልሁ ላቤን እየጠረግሁ።

«ተገልጋያችን በዚህ ሐሩር ነው የሚውለው። ገጻችንን ሲከፍት ልቡ ይቀዝቅዝለት። ይጫን!»

ተጫነ። ወሩ መስከረም ሊያልቅ ነው፤ አብዛኛው ሰሊጥ ለመድረስ አንድ ሳምንት ያህል ቀርቶታል። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ስለ በረዶ ምን እንደሚያስቡ አላውቅም፤ እነሱ ዘንድ ጌጥ ሳይሆን አይቀርም። እኛ ዘንድ በረዶ ማለት ሰማይ ሲቆጣ በሰብል ላይ የሚያወርደው ጠጠር ነው። እኛ ለጌጡም ለጠጠሩም ያለን ቃል ያው አንድ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ገበሬው ስልኩን ሲከፍት የስርጉት ጽሑፍ ገና አልመጣም፤ ገጹ ከብዶት እየተንፏቀቀ ነው። ከመሥሪያ ቤታችን ስም ሥር በረዶ ሲወርድ ግን አየ። የአየሩን ጠባይ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳትዋሽ የነገረችው ገጽ ላይ በረዶ አየ። ምን ያድርግ?

ገና ሳይረፍድ ሸሕዲ ላይ ሥራ ፈላጊ የሚባል ጠፋ። ወደ ሌላ እርሻ ሊሄድ የተሳፈረውን አጫጅ ከአይሱዙ ላይ እግሩን ይዘው ጎትተው ያወረዱ ነበሩ። ሰው ያላገኘ ከነልጆቹ ማጭድ ይዞ ወረደ። ገና አረንጓዴ የሆነ ሰሊጥ ታጨደ፤ ፍሬው ውኃ የሆነ ሰሊጥ ታሰረ።

ወይዘሮ አገኘሽ ግን ማጭድ ከማንሣታቸው በፊት ወደ እኛ መጡ። ባላቸው ከታመሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ስድስት ሄክታሩን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው። የዓመቱ ቀለብ፣ የባላቸው መድኃኒት፣ የሁለት ልጆች ትምህርት ሁሉ እዚያች ማሳ ላይ ቆሟል፤ ሰሊጡ ከሄደ ሌላ የላቸውም። ስልኩን እንደ እባብ አርቀው ይዘው የኃላፊው ቢሮ ገቡ።

«ይሄ የሚወርደው ምንድን ነው ጌታየ?»

«በረዶ ነው» አሉ አቶ ይድነቃቸው በኩራት።

«መቼ መቼ ነው የሚጥለው?»

«ሃያ አራት ሰዓት፣ ያለማቋረጥ።»

«በስመአብ! የት የት?»

«በሁሉም ገጽ ላይ። አድልዎ የለም።»

«ምነው? ምን በደልናችሁ?»

«እናቴ፣ ለእናንተው ምቾት ብለን እኮ ነው። ደግሞም ነፃ ነው!»

ወይዘሮ አገኘሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ጭራሽ ልታስከፍሉን ኖሯል?»

ስርጉት እጃቸውን ይዛ ወደ ውጪ አወጣቻቸውና ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው። «እትየ አገኘሽ፣ ይሄ የስልክ ጌጥ ነው። ሰማዩ ላይ ምንም የለም። ሰሊጥዎን አይንኩት፤ አንድ ሳምንት ይቀረዋል።»

«ሰው ሁሉ እያጨደ እኮ ነው ልጀ።»

«ይጨድ። እርስዎ አይጨዱ።»

ሴትዮዋ ልጅቷን ትክ ብለው አዩዋትና ተነሥተው ሄዱ። አላጨዱም። በሳምንቱ የታችኛው ፍሬ ቢጫ ሲሆንላቸው አጨዱ። ቀድመው ያጨዱት ጎረቤቶቻቸው ነዷቸውን ሲፈትሹ ግማሹ ገለባ ነበር።

ስርጉት በረዶው እንዲነሣ ጠየቀች። አቶ ይድነቃቸው ደነገጡ።

«አሥር ፕለጊን ተተግብሯል ብለን ሪፖርት ልከናል። አንዱን ካነሣሽው አፈጻጸማችን በአሥር በመቶ ይወርዳል። ይህን ነው የምትፈልጊው?»

«ሰው እኮ እየተደናገጠ ነው።»

«ለእሱ መግለጫ አለ።»

መግለጫውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ከጻፍኋቸው ሁሉ እሱን እወደው ነበር። እንዲህ ይላል፦ «በዚህ ገጽ ላይ የሚታይም ሆነ የሚነገር ማናቸውም በረዶ፣ ዝናብ፣ ነፋስና የመሳሰለው የጌጥ መሆኑን እየገለጽን፣ የተከበረው አርሶ አደር ከመደናገጥ እንዲቆጠብ በጥብቅ እናሳስባለን።»

«ዝናብ ምን ሊሠራ ገባ?» አለችኝ ስርጉት።

«ለጥንቃቄ» አልኋት።

መግለጫው በገጹ ላይ ወጣ፤ እዚያ ማንም አላነበበውም። በወረቀት ታትሞ በማኅተም ሲለጠፍና በየቀበሌው ሲበተን ግን ሁሉም አነበበው፤ አጣጥፎም ኪሱ ከተተው።

ጥቅምት ገባ። የታጨደው ሰሊጥ ነዶ ነዶ ሆኖ ሜዳው ላይ ቆመ፤ ፀሐይ ሲመታው ፍሬው አፉን ይከፍታል፤ ሰሊጥ በዚያ ሰዓት ከሰማይ የሚፈልገው ምንም ነገር የለም። የወይዘሮ አገኘሽም ደርቆ ፍሬው ሊራገፍ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ማክሰኞ ማለዳ ስርጉት የአየር ትንበያውን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ሐሙስ ከባድ ዝናብ አለ፤ ያለ ወቅቱ፣ ከነነፋሱ። ልትጽፍ ብሎጉን ከፈተች። ሰው መሆንን የሚያጣራው ፕለጊን አስቆማት።

«ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ። የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ይምረጡ።»

ኔትወርኩ ሥዕሎቹን ግማሽ ግማሹን እያመጣ የቀረውን ግራጫ ያደርገዋል። መብራቱ የቱ ጋ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ጌች ከኋላዋ ቆሞ ያይ ነበር።

«ከተማችን መብራት የላትም እኮ። ትራፊክ ፖሊሱን ፈልጊውና እሱን ንኪ» አላት።

ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስት ጊዜ ወደቀች። «ሮቦት ነዎት። ለሰባ ሁለት ሰዓት ታግደዋል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ሮጣ የኃላፊው ቢሮ ገባች፤ እኔም የማስፈርመው ወረቀት ነበረኝና እዚያው ነበርሁ።

«ጋሽ ይድነቃቸው፣ ዘጋኝ!»

«ማን?»

«ፕለጊኑ። ሮቦት ነሽ አለኝ።»

የአቶ ይድነቃቸው ፊት በራ። «ሠራ ማለት ነው! ስሜነህ፣ ጻፍ፦ የደኅንነት ሥርዓታችን የመጀመሪያውን ሰርጎ ገብ በቁጥጥር ሥር አዋለ።»

«ሰርጎ ገቧ እኔ ነኝ እኮ! ሐሙስ ከባድ ዝናብ አለ። የሰው ሁሉ ነዶ ሜዳ ላይ ነው። ዛሬና ነገ ካላራገፉ አለቀላቸው።»

«ሐሙስ?» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ሐሙስ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። መኪናውንና ድምፅ ማጉያውን ይፍቀዱልኝ። ዞሬ ልንገራቸው።»

አቶ ይድነቃቸው ስልካቸውን ይዘው ብድግ አሉ፣ በረንዳ ወጥተው በሩን ዘጉ። በመስታወቱ በኩል እጃቸውን እያወናጨፉ ሲናገሩ አየኋቸው። እንዲህ ከልባቸው ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም። ላባቸውን እየጠረጉ ተመለሱ።

«አስቸኳይ እርምጃ ተወስዷል» አሉ። ቃል በቃል መዘገብሁት። «መኪናውን በተመለከተ ግን ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርቢ። ዓርብ በማኔጅመንት ይታያል።»

«ዝናቡ ሐሙስ ነው ጋሼ።»

«ማኔጅመንቱ ደግሞ ዓርብ ነው። የእኔ ልጅ፣ ሥርዓት ይኑረን።»

ግቢው ውስጥ ጌች የመኪናውን በር ከፍቶ ጠበቃት። «ኸላስ፣ በቃ፣ ግቢ» አላት። ድምፅ ማጉያውን ከመጋዘን አውጥቶ ጣራው ላይ አስሮት ነበር። ለሁለታችሁም እኔ እመሰክራለሁ ልላቸው አስቤ ነበር። አላልሁም፤ ቃለ ጉባኤውን ወደ ንጹሕ ወረቀት ልገለብጥ ወደ ወንበሬ ተመለስሁ።

ማክሰኞን ዋሉበት፣ ረቡዕን ደገሙት። ስርጉት በየመንደሩ ጮኸች። «ሐሙስ ዝናብ አለ! ሰሊጣችሁን አራግፉ!» የመጀመሪያው መንደር ላይ አንድ ገበሬ ወደ መኪናው ቀረብ አለ።

«የጌጥ ነው የውነት?»

የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ።

«የውነት ነው! በእመቤቴ የውነት ነው!»

«ወረቀታችሁ እንዲህ አይልም እኮ» አለ ሌላው፤ ከኪሱ የኔን መግለጫ አውጥቶ ዘረጋው። «ማናቸውም ዝናብ ይላል። የሚነገርም ይላል። ይኸው ማኅተሙ። ባለፈው በረዶ ብላችሁ ጥሬ አሳጨዳችሁን። አሁን ደግሞ ሳይደርቅ ልታስራግፉን? በቃ፣ ሂጂልን።»

በሁሉም መንደር ይኸው ወረቀት ከየኪሱ ወጣ። ከጻፍሁት ነገር ሁሉ በዚህ አገር እንዲህ የታመነ የለም።

ረቡዕ ረፋድ መኪናው ከወይዘሮ አገኘሽ ማሳ ሲደርስ የስርጉት ድምፅ ተዘግቶ ነበር። ከመኪናው ወርዳ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ የጠየቋት ነገር የለም። «ሸራ አምጡ!» ብለው ልጆቻቸው ላይ ጮኹ። ሠራተኛው፣ ልጆቹ፣ ጌች፣ ስርጉት፣ ሁሉም ነዶውን እየገለበጡ በሸራው ላይ አራገፉት። የደረቀውም ያልደረቀውም ወረደ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጨረሻው ጆንያ አፉ ተሰፍቶ ቤት ገባ።

ሐሙስ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ዘነበ። የጌጥ አልነበረም። ነፋሱ ነዶውን ጣለው፣ ጎርፉ የረገፈውን ፍሬ ጠርጎ ወሰደው፤ የቀረው ሜዳ ላይ ጠቆረ። ያን ወረቀት የዘረጋውን ገበሬ በማግሥቱ መንገድ ላይ አገኘሁት። ሰላም አለኝ። ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ መሆኔን አያውቅም፤ እኔም አልነገርሁትም፤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ለመሥሪያ ቤታችን ግን ሐሙስ ታሪካዊ ቀን ነበር። በአንድ ቀን አሥራ አራት ሺህ ጎብኚ! ዝናቡ ሲጀምር ሰው ሁሉ ብሎጉን ከፈተ፤ ፎቶውን አገኘ፣ በረዶውን አየ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ቆጣሪው ሁሉንም ቆጠረ። በሪፖርታችን ላይ የጎብኚው ቁጥር በትልቁ ሰፈረ፤ የጠፋው ሰሊጥ ደግሞ «በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚታይ የዲጂታል ግንዛቤ ክፍተት» በሚለው ሥር ተካተተ። የበላይ አካል ተደስቶ አንድ የስኬት ታሪክ በቪዲዮ እንድንልክ አዘዘ። ሰሊጡ የዳነለት ገበሬ ሲፈለግ የተገኙት ወይዘሮ አገኘሽ ናቸው። ተጠርተው መጡ፤ ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ፤ ካሜራው ተተከለ፤ አቶ ይድነቃቸው ከረባታቸውን አስረው አጠገባቸው ቆሙ።

«እናቴ፣ ምርትዎን ያዳኑት በየትኛው ፕለጊናችን እንደሆነ ለካሜራው ይንገሩልን።»

«በዚች ልጅ» አሉ ወደ ስርጉት እየጠቆሙ።

«እሷ ፕለጊን አይደለችም እናቴ። ሠራተኛ ናት።»

«እኔማ ምን አውቃለሁ? የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ከእኔ ቀድመው ያራገፉ።»

«ማን? እኔ?»

«ታዲያ ማን? በባለቤትዎ ስም ያለው ማሳ ከእኔ ጋር ድንበርተኛ አይደል? ማክሰኞ ረፋድ ሠራተኞችዎ ሸራ አንጥፈው ሲሯሯጡ አይቻቸው ምነው ስላቸው፣ በስልክ ታዘን ነው፣ ለሰው አትናገሩ ተብለናል አሉኝ። ለኔ ይቺ ልጅ የደረሰችልኝ ረቡዕ ነው። በዚህ ሁሉ አገር የዳነው የእርስዎና የእኔ ሰሊጥ ነው።» ነጠላቸውን አስተካከሉና ሙሉ በሙሉ ወደ እሳቸው ዞሩ። «እስኪ ለሰዉም ይንገሩት ጌታየ፣ እርስዎ በየትኛው ፕለጊን ሰሙ?»

ጌች ካሜራውን የያዘው ሰው ትከሻ ላይ እጁን አድርጎ «እንዳታጠፋው» ሲለው ሰማሁ። ማክሰኞ ዕለት በገዛ እጄ የጻፍሁት አስቸኳይ እርምጃ የቱ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

በሳምንቱ ለስርጉት የዝውውር ደብዳቤ እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ። ያለ ፈቃድ መኪና መውሰድ የሚለው ምክንያት ዝናቡን ስለሚያስታውስ ይቅር ተባለ። በመጨረሻ የጸደቀው ቃል ይህ ነው፦ «ወይዘሪት ስርጉት በብሎጉ ላይ ከተጫኑት ፕለጊኖች ጋር ተጣጥመው መሥራት ባለመቻላቸው ወደ አብደራፊ ተዛውረዋል።» አትሜ ለፊርማ አቀረብሁ። አቶ ይድነቃቸው አነበቡት፣ ፈረሙት፣ ማኅተሙን ራሳቸው መቱት። ወረቀቱን ይዤ ልወጣ ስል ጠሩኝና በሩን እንድዘጋው በእጃቸው ጠቆሙኝ።

«ስሜነህ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከመሄዷ በፊት ስልክ ቁጥሯን ተቀበልልኝ። ማሽላየ ገና አልታጨደም።»